ሁሉም አንድ ፌስታል ይዞ ይምጣ

ማንተገብሽ በዕድሜ ታላቄ ናት። አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ አንድ ቀንም ብያት ነበር። «አንቱ ስትዪኝ ነገ የምሞት ይመስለኛል፤ ተዪኝ» አለችኝና ተውኩት። ረሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር ውስጥ በአንድ ሕንፃ ስንኖር ልጆቻችን ከዳዴ ተነሥተው የወታደር ልብስ እስኪለብሱ ድረስ አብረን አይተናል። እሷ ምድር ቤት ናት፣ እኔ ከእሷ በላይ። ወንበር ስጎትት ትሰማኛለች፤ ስታስል እሰማታለሁ።

በአገር ቤት የሰቀልት ልጅ ናት። አባቷ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። እዚህ አገር እንደገባች ብርቱካን የሚታሸግበት ቤት ተቀጠረች። ብርቱካኑ ተነቅሎ በቦታው ሕንፃ ሲተከል ደግሞ ትምህርት ቤት ስታጸዳ ኖረች። ባሏ ሰማኸኝ ዝም ያለ፣ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበር። ከቤታቸው ጎን፣ በግቢው በኩል፣ በገዛ እጁ አንድ ክፍል ሠራ። «ልጃችንን ስንድር እንግዳ ይተኛበታል» ይል ነበር። ልጅቱ ሳትዳር እሱ ሞተ። ክፍሉ የተሰበረ ብስክሌትና አሮጌ ፍራሽ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ።

ልጇ ኬረን ከሠራዊት ከወጣች በኋላ ቴልአቪቭ ሆቴል ገባች፤ እንግዳ መቀበል ተማረች። አንድ ቀን መጥታ ብስክሌቱን ጣለች፣ ግድግዳውን ቀባች፣ ሁለት አልጋና ማቀዝቀዣ አስገባችና ክፍሉን ኢንተርኔት ላይ አወጣችው። ለጥቂት ቀን ለሚያርፍ ሰው የሚከራይ ቤት፣ ጺመር የሚሉት ዓይነት፣ ሆነ። ማስታወቂያው ላይ «ጸጥ ያለ፣ የሎሚ ዛፍ ያለው» ብላ ጻፈች። ሎሚው እውነት ነው፣ አለ። ጸጥታውን ግን እኔ አላውቀውም።

ሕንፃው በሙሉ ሳቀ። አያ መንግስቴ የሕንፃው ቫአድ፣ የነዋሪዎቹ ተጠሪ፣ ነው። የደረጃው መብራት ሲጠፋና የቆሻሻ ገንዳው ሲሞላ የሚጮኸው እሱ ነው። ግቢ ቆሞ አፌዘባት።

«ጺመር እኮ ተራራ የሚያይ ነው፤ ውኃ የሚያይ ነው። ያንቺ ምን ያያል?»

«ጠዋት ጠዋት አንተን ያያል። ከአንተ የገዘፈ ተራራ ከየት ይምጣ?» አለችው።

አያ መንግስቴ ሰውነቱ ትልቅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጺመሩ አንሥቶ አያውቅም።

እንግዶቹ መጡ። ለሠርግ የመጡ ነበሩ፤ ቴልአቪቭ ተወደደብን ብለው ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ፤ ዘመድ ሆስፒታል የተኛባቸውም ነበሩ። ኬረን ለእናቷ ሕግ አወጣች፦ ወደ እንግዳ ክፍል አይገባም፣ ምግብ አይወሰድም፣ በሩ በቁጥር ቁልፍ ይዘጋል።

«እማ፣ ከፍለው እኮ ነው የሚተኙት። ተያቸው።»

«ከፍሎ የተኛ ሰው አይርበውም?»

ማንተገብሽ አንዱንም ሕግ አልጠበቀችም። እሷ ባደገችበት መንደር እንግዳ ካደረ በቅሎውም ጓዙም በባለቤቱ አንገት ነው፤ ከጠፋ ፈላጊው እንግዳው አይደለም፣ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ በእንግዳ ላይ መቆለፍ ለእሷ ነውር ነበር፤ «ጎረቤቶቼን አላምናቸውም» ብሎ ለእንግዳ እንደ መናገር ነው። እንግዳው ሲወጣ ትገባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ሳህን ሸፍና ታስቀምጣለች፣ በሩንም እንዲናፈስ ገርበብ አድርጋ ትወጣለች። እኔ ይህን አይ ነበር። ብነግራትም አትሰማም ነበር።

አቪታል የመጣችው በዚያ በኦገስት ሙቀት ነው። ከሰሜን፣ ከገሊላ በኩል የመጣች፣ ፀጉሯ ገና ሳታረጅ የሸበተ ሴት ናት። አሮጊት እናቷ እዚህ ሆስፒታል ተኝተው ቀዶ ሕክምና ይጠብቁ ነበር። ጠዋት ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። ማንተገብሽ የምስር ወጥ ብታስቀምጥላት እስከ መጨረሻው ጠርጋ በላች። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቆማታል?

ሐሙስ ዕለት ማንተገብሽ ሳህኗን አስገብታ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደገፈችውና ለደም ግፊቷ መድኃኒት ልታመጣ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። አቪታል ስትመለስ ድንጋዩም አለ፣ ሳህኑም አለ፣ ቀዩ ቦርሳዋ ግን የለም።

እኔ ጩኸት ሰምቼ አይደለም የወረድኩት፤ ዝምታ ሰምቼ ነው። ማንተገብሽ እንግዳ ሲኖራት ዝም አትልም። ብወርድ አቪታል ስልኳን ይዛ ቆማለች፤ ማንተገብሽ የመድኃኒት ከረጢቷን እንደያዘች ነው። ኬረንም ከሥራ ገና መግባቷ ነበር፤ የአንዷን ለሌላዋ ትተረጉማለች።

«ቦርሳው ውስጥ ምን ነበረ?» አለች ማንተገብሽ።

ኮምፒውተር ነበረ። አቪታል ግን ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ አላለችም። በጎን ኪሱ ውስጥ በትንሽ ሳጥን የእናቷ ጥንድ የጆሮ ማዳመጫ ነበር፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው፣ ለደነቆረ ሰው የሚደረገው። ባትሪ ልትቀይርለት ነበር ያመጣችው።

«እሑድ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ያደርጉላታል» አለች። «ያለ እሱ ምንም አትሰማም። ሐኪሞቹ አፋቸውን ሸፍነው ነው የሚያናግሯት። አልጋውን ገፍተው ሲወስዷት እንኳ አይዞሽ ብላት አትሰማኝም። ፖሊስ እጠራለሁ።»

ማንተገብሽ መድኃኒቷን አስቀመጠች። «መጥራት መብትሽ ነው» አለች። «ግን አንዴ ስሚኝ።»

በዚያ ዓመት በግንቦት ልጆቻችን አደባባይ ወጥተው ፖሊስ ለምን ይመታናል ብለው ጮኸው ነበር። ከዚያ በፊትም በኋላም የሆነውን እኛ እናቶች እናውቀዋለን። ፖሊስ ግቢያችን ከመጣ መጀመሪያ የሚያስነሣው አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ልጆች ነው። የሰረቀውም ያልሰረቀውም አብሮ ይሄዳል። በስሙ ቲክ፣ ማለት የፖሊስ መዝገብ፣ የተከፈተበት ልጅ ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሠራዊቱ ወዲያው አይቀበለውም፤ ወታደር ያልሆነ ልጅ እዚህ አገር ሥራ ሲጠይቅ የሚሆነው ይታወቃል። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው የአፀደ ልጅ ኦሬል የሠራዊት መጠሪያው ደርሶ ነበር። ከእሱ ሌላም ነበሩ።

ማንተገብሽ ይህን ሁሉ በዝግታ ተናገረች፤ ኬረን ተረጎመች። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለች፦ «ፖሊስ ሰው ይዞ ይሄዳል። ዕቃሽን ግን እስከ እሑድ አያመጣልሽም። እኔ ላመጣልሽ እችል ይሆናል። ነገ ሰንበት እስኪገባ ጊዜ ስጪኝ። ካላገኘሁ ስልኩን ራሴ አቀብልሻለሁ።»

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«አባቴ የሚያደርገውን።»

ኬረን ይህን ስትተረጉም ዓይኗን ገለበጠች። አቪታል ስልኳን ቦርሳ ውስጥ ሊከት እንደለመደ ሰው ቦርሳዋን ፈለገችና አጣችው። ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «ቤሰደር» ብላ ተስማማች። «እስከ ሰንበት።»

በአገር ቤት ዕቃ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጣሉ። አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሥራ ተፈትቶ፣ አንዱ በሌላው ላይ እስኪያወጣ ድረስ ይከርማል። ሌባው ይገኝ ይሆናል፤ አገሩ ግን ተቀያይሞ ይበተናል። የማንተገብሽ አባት ይህን አይወዱም ነበር። እሳቸው በመንደራቸው ሌላ ዘዴ ነበራቸው፦ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሸክም ገለባ ተሸክሞ፣ ብቻ ብቻውን፣ ወደ አንድ ጨለማ ጎጆ ይገባል፤ ጥሎ ይወጣል። ሁሉም ካስገባ በኋላ ገለባው ሲገላበጥ የጠፋው ይገኛል። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። መታወቅም የለበትም።

«እዚህ ገለባ የለም» አልኳት።

«አሮጌ ልብስ አለ» አለች። «ጎጆውም አለ። ሚክላቱ።»

ሚክላት ከግቢያችን በታች ያለው መጠለያ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሮኬት ሲወረወር በሳይረኑ እየሮጥን እዚያ ተፋፍገን ተቀምጠናል፤ ደረጃውን በጨለማ የማያውቅ የለም። ማንተገብሽ አምፖሉን ራሷ ፈትታ በሽርጧ ኪስ ከተተችው። ከዚያ በግቢው ዙሪያ በየበሩ እያንኳኳች ዞረች፤ እኔም ተከተልኳት። ቃሏ አንድ ነበር፦ «ነገ ከሰንበት በፊት ሁሉም አንድ ፌስታል አሮጌ ልብስ ይዞ ይምጣ። ብቻውን ይግባ፣ ጥሎ ይውጣ። እኔ አላይም።»

ጋሊና፣ ከሩሲያ የመጣችው ጎረቤታችን፣ ለድሃ የሚሰበሰብ መስሏት ወዲያው ተስማማች። አፀደ ግን በሩን ሙሉ በሙሉ አልከፈተችውም።

«እኔ አላመጣም።»

«ለምን?»

«ፌስታል ይዤ ስወርድ ሰው ምን ይላል? የአፀደ ልጅ የሰረቀውን እናቱ መለሰች ይላል።»

«ሁሉም ይዞ ሲወርድ ማን ማንን ሌባ ይላል?»

«ሁሉም ካልወረደስ?»

አያ መንግስቴማ ጭራሽ ተቆጣ።

«እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው፣ ቫአድ የሆንኩ ሰው፣ ፌስታል አንጠልጥዬ ጨለማ ልግባ? አንቺ ሴት፣ ይህ ሰቀልት አይደለም። ረሆቮት ነው።»

«ረሆቮት መሆኑን አውቃለሁ። አውቶቡሱ ላይ ተጽፏል» አለችውና ወረደች።

ዓርብ ሆነ። ማንተገብሽ ከሚክላቱ አጠገብ ወንበር አውጥታ፣ ጀርባዋን ለመግቢያው ሰጥታ ተቀመጠች። አቪታል ከሆስፒታል ተመልሳ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ነበር። ከየቤቱ የወጥ ሽታ ይመጣል፤ ሰንበት ሳይገባ ሁሉም ሊጨርስ ይጣደፋል። መጀመሪያ ማንተገብሽ የራሷን አስገባች፤ እኔም አስገባሁ። ጋሊና መጣች፤ ፌስታሏ ውስጥ ደህና የብርድ ካፖርት ነበረ፣ ያሳዝናል። ከእሷ ቀጥሎ ሁለት ቤት መጣ። ከዚያ የሚመጣ ጠፋ።

ፀሐዩ ከግድግዳው ላይ መውረድ ጀመረ። ሰው በየመስኮቱ መጋረጃ እየገለጠ ያያል፣ ይመልሳል። አቪታል ስልኳን አወጣች፤ ሰዓቱን አይታ መለሰችው። ማንተገብሽ ያላየች መሰለች፤ አይታታለች ግን። እኔ ተስፋ ማድረግ ካቆምኩ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ አልቋል ብዬ ነበር። ሆኖም ቀና ስል አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ ሰው ሁሉ የሚያየው እኛን አይደለም፣ የአያ መንግስቴን በረንዳ ነው። እሱ ደግሞ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ይዟል።

ወጣሁ። በሩ ክፍት ነበር።

«አያ፣ ሰው አንተን ነው የሚያየው።»

«ስለዚህ ነው የማልወርደው።»

«ስለዚህ ነው መውረድ ያለብህ። አንተን ሌባ የሚልህ የለም። አንተ ከገባህ የገባ ሁሉ እንደ አንተ ነው።»

ጋዜጣውን አጠፈው። ተመልሼ ወረድኩና ከማንተገብሽ ጎን ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ የደረጃው በር ተከፈተ። አያ መንግስቴ የምኩራብ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በአንድ እጁ ከዘራ በአንድ እጁ ጢም ያለ ፌስታል ይዞ፣ በግቢው መሀል ቀስ እያለ መጣ። ከገባ በኋላ ታች ላይ አንድ ነገር ሲወድቅ፣ እሱም ሲሳደብ ተሰማ። ሲወጣ ባርኔጣው ላይ የሸረሪት ድር ተጠምጥሟል።

«ገባሁ» አለ፣ ለግቢው ሁሉ እንዲሰማ። «ምን አለ? ጨለማ ነው። ሰው ጨለማ ይፈራል እንዴ?»

ከዚያ በሮቹ ተከፈቱ። አፀደ መጣች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ እንደ ሙሽራ ነው የተራመደችው። ሌሎችም መጡ። እናት መጣች፣ አባት መጣ፣ ጎረምሳ መጣ፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ማንተገብሽ ጀርባዋን ሰጥታ የሎሚውን ዛፍ ታያለች። አቪታል ዘወር ልትል ስትል ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት። እኔም ዛፉን አየሁ። ዛፍ ያን ያህል አይቼ አላውቅም።

ሰው ሲያልቅ ሦስታችን ብቻ ወረድን። መብራት ይብራ ስል ማንተገብሽ ከለከለችኝ። በጨለማ እያንዳንዱን ፌስታል እየዳበሰች ወለሉ ላይ ገለበጠችው፤ ባዶዎቹን ፌስታሎች ጨመደደች፤ ልብሱን በእግሯ አደባለቀችው። የማን የማን እንደሆነ እንዳይለይ ነው። ከዚያ በኋላ ነው አምፖሉን ከኪሷ አውጥታ የሰጠችኝ።

ክምሩ እስከ ወገባችን ነበር። ከጋሊና ካፖርት ሥር ከገመድ ላይ የጠፋብኝን አንሶላ አገኘሁት፤ እኔ ነፋስ ወስዶት ነው ስል የኖርኩት። ከምኩራቡ ኩሽና የጠፋው ትልቁ ጭልፋ ወጣ። ማንተገብሽ ጭልፋውን ስታይ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ይኼማ አልተጠየቀም ነበር» አለች።

ቀዩ ቦርሳ ከታች ነበር። በልጆች ሱሪ ተጠቅልሏል። አቪታል ኮምፒውተሩን ጎትታ ሳታየው ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፤ እጇን በጎን ኪሱ ከተተች። ሳጥኑን ከፈተች። ሁለቱም አሉ፤ እንደ ባቄላ ፍሬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከቦርሳው የጎደለው አንድ ፓኮ ብስኩት ብቻ ነበር።

«ርቦት ነበር ማለት ነው» አለች ማንተገብሽ።

አቪታል ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማ ቀረች። ከዚያ ማንተገብሽን አንገቷን አቅፋ በዕብራይስጥ ብዙ ተናገረች። ማንተገብሽ ግማሹን እንኳ አልገባትም። «ያላ፣ ሂጂ፣ ሰንበት ሳይገባ» አለቻት። መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ ሁላችንም አየን። ፖሊስ አልተጠራም።

ኬረን በሰንበት ራት ላይ እናቷን አልለቀቀቻትም። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ሱሪው የማን ነው? አይተሻል እኮ። የልጅ ሱሪ ይታወቃል።»

«አላየሁም።»

«እማ፣ ሌባው እዚሁ እየኖረ፣ ማን እንደሆነ ሳታውቂ እንዴት ትተኛለሽ?»

«ካወቅሁ ነው የማልተኛው» አለች። «ካወቅሁ ነገ ደረጃ ላይ ሳገኘው ሰላም ማለት ያቅተኛል። እሱም ያውቃል። ከዚያ እሱ ይሸሻል፣ እናቱ ትሸሻለች፣ እኔም እሸሻለሁ። ቤት መቀየር አለብን። እኔ ደግሞ ቤት መቀየር አልችልም፣ ደክሞኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ከምኩራብ ከወጣን በኋላ ማንተገብሽ የሰንበት ዳቦዋን ቆርሳ በትሪ ሸፍና ደረጃ መውጣት ጀመረች። ሕንፃችን አራት ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። በየበሩ እያንኳኳች «ሰንበት ሰላም» ትላለች፣ ትስማለች፣ ቁራሽ ታስቀምጣለች፣ ትወጣለች። ትሪውን ልያዝልሽ ብላት እንቢ አለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ፊቷ ላብ ሆነ።

«የቀሩትን ነገ አድርሺላቸው» አልኳት።

«አንድ ቤት ከዘለልኩ ያ ቤት ነው ይባላል።»

አፀደ ጋ ገባች፤ አያ መንግስቴ ጋ ገባች፤ ጋሊና ጋም ገባች። በሕንፃው ያለው በር ሲያልቅ ወርዳ በግቢው ወዳለው ቀጣይ ሕንፃ መግቢያ ዞረች፤ እሱም አራት ፎቅ ነው። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ከበሮቹ አንዱ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ቶሎ አልተከፈተም። ከውስጥ የእግር ድምፅ ይሰማል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሰማል። ማንተገብሽ ሁለተኛ አላንኳኳችም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ትሪዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች ጠበቀች። እኔ እንሂድ ብዬ ልብሷን ጎተትኩ፤ አልተነቃነቀችም።

በሩ ተከፈተ። የከፈተውን ሰው እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሳመችው፤ ዳቦውን ሰጠችው።

«ውኃ አለህ? ደረጃችሁ ገደለኝ» አለችው።

ገባና በብርጭቆ አመጣላት። ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሎ ሲያቀብላት ጥቂት ፈሰሰ። እሷ ያን እንዳላየች ሆና፣ እዚያው ደፍ ላይ ቆማ፣ እስከ ታች ጠጣችው፤ ብርጭቆውን መለሰችለትና ወደሚቀጥለው በር ሄደች።